አባባና ወንድም ጋሼ በስድስት ዙር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። ደብዳቤህን ለአባባ ሳላነብላቸው በፊት ብቻዬን አንብቤዋለሁ። ፖስታው ላይ ያለው የሳቸው ስም እንደሆነ አይቻለሁ፤ ግን ሾፌሩ ጋሽ ፍሬን ሲሰጠኝ እጄ ዝም ብሎ ቀደደው። ይቅርታ አድርግልኝ። ደግሞ ጽሑፉ የኔ ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። የአባባ እጅ ብዕር መያዝ እምቢ ካለ ቆይቷል፤ አሁንማ ማንኪያም በሁለት እጅ ነው። ቃሉ የሳቸው ነው፣ ጽሕፈቱ የኔ።

አሰልጣኝህ እስከ ግጥሚያው ቀን ስልካችሁን ሰብስቦ መቆለፉን ለእትዬ ስነግራት፣ «ጎሽ! እዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤትም መጥቶ የነዚህን ሴቶች ይሰብስብልኝ» አለች። አክስታችን መቼም አታስብም፣ ታዛለች። አሁን በደብዳቤ ብቻ ነው እንግዲህ። ጋሽ ፍሬን ሐሙስ ሐሙስ የማጠቢያ ቤቱን ሳሙና አራግፎ ወደናንተ ያልፋል፣ ሰኞ ይመለሳል። እንደ አነዳዱ ከሆነ ደብዳቤው በእግሩ ቢሄድ ይቀድመው ነበር፣ ግን አይጠፋም።

አሰልጣኝህ «አባትህን በጉብዝናው ዘመን ብታገኘው ትዘርረው ነበር» ማለቱን ሳነብላቸው አባባ ሾርባቸውን አስቀመጡ። «የቱን አባቱን?» አሉኝ። «ይሄን ሽማግሌ ከሆነ የጎረቤት ድመትም ይዘርረዋል። የሃያ አራት ዓመቱን ግድግዳ ከሆነ ግን ይምጣና ይሞክረኝ!» ድሮ ሪንግ ውስጥ «ግድግዳው» ይባሉ እንደነበር ለኔ እንደ አዲስ አስረዱኝ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ዓመት ይሆናል።

ስለዚህ በደብዳቤ እንጋጠም ያልከውን ጨዋታህን ተቀብለዋል። አንተም ሃያ አራት፣ እሳቸውም ሃያ አራት፤ ሁለታችሁም ከባድ ሚዛን፤ ስድስት ዙር። አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን እሳቸው ይናገራሉ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን አንተ ትጽፋለህ። «ስድስተኛውን ማን እንደሚጽፈው ደርሰን እናያለን» አሉ። አንድ ሕግ ብቻ ጨምረዋል፦ መዋሸት የለም። የተመታ ሰው ተመታሁ ይበል።

«አንቱ» እያሉ መማታት ይከብዳል ላልከው መልሳቸው ይኸው፦ «ሪንግ ውስጥ አንቱታ የለም። ‘ይቅርታ አባባ፣ አገጭዎን ልምታዎት’ እያለ ሲያስፈቅድ ጥርሱን ይለቅማል።»

አሁን የሚሉትን እንዳሉት እጽፋለሁ።

«አንደኛው ዙር። ደወሉ ተደወለ። ልጁ እንደ ዘመኑ ልጆች ይዘላል። ይዝለል፤ ወለሉን አልከለክለውም። እኔ አልዘልም፣ አልቸኩልም። ሦስት ጊዜ መታኝ። ሁለቱን አልሰማኋቸውም፣ ሦስተኛዋን ሰምቻታለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ገመዱ ጋ አስጠጋሁትና ያቺን እጅ አሳየሁት። አልመታሁትም። አሳየሁት ብቻ። ያቺን እጅ አንዴ ያየ ሰው ዐይኑን ሲጨፍንም ያያታል። አበቃሁ። ነጥብ ስጪኝ፣ ልጄ።»

ስለ ጤናቸው ለጠየቅከው፣ ይረሳሉ እንጂ ደህና ናቸው። ትናንት ጫማቸውን ከድስቶቹ መሃል ደርድረውት አገኘሁ። ለእትዬ አልነገርኳትም። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።

እህትህ

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለግድግዳው፣ በአይጢት በኩል።

አይጢት፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ጮክ! እንደ ልማድሽ በአፍንጫሽ አይደለም።

ሁለተኛው ዙር። አንተ ግድግዳ! በናንተ ጊዜ ሰው ሲጋራውን ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ነበር ሪንግ የሚገባው፣ አይደል? ይታያል። ትንፋሽህ ከፊትህ ቀድሞ ይደርሳል። እኔ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ ሥጋዬን በሚዛን በልቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዙሪያህን ዞርኩህ። ጎድንህን ሁለቴ ነካሁ፤ ግድግዳም ከሥር ሲነካ ይፈርሳል። ተመታሁ ወይ? አዎ፣ ሕጉ ሕግ ነው። አንዴ፣ ጆሮዬ ላይ። እስካሁን ይጮሃል። ግን ዙሩ የኔ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ያለሁት አልጋዬ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ነን፤ ክፍሉ እርጥብ ጓንት ይሸታል። ግጥሚያዬ ኅዳር 14 ነው፣ እሑድ። በዋዜማው ሐኪም ያየናል። እስከዚያ አመመህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቀው ሮጥክ ወይ ነው።

ግድግዳ፣ ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። እንዳትተኛብኝ።

ልጅህ (ለስድስት ዙር ብቻ፣ ተጋጣሚህ)

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለፈው ሐሙስ ደብዳቤ ስላልላክሁ ይቅርታ። የማጠቢያ ቤቱ ቦይለር ተበላሽቶ የሁለት ሆቴል አንሶላ ተከመረብን፤ ዝናቡም አላቆም ብሎ የሚደርቅ ነገር የለም። ጣቶቼ አሁንም የተቀቀሉ ይመስላሉ።

አባባ ደህና ናቸው። ብዙ ይተኛሉ። ሁለተኛውን ዙርህን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው፣ እንዳልከው። በጣም ሳቁ። «ሲጋራውን ማን ነገረው?» አሉ።

በጋሽ ፍሬን በኩል በቃል ስለጠየቅከው፣ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ስምንተኛ ክፍል የትም አይሄድም፣ ይጠብቀኛል። አሁን ጊዜው አይደለም። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሦስተኛው ዙር ይኸው።

«ሦስተኛው ዙር። ልጁ ጎድኔን አገኘው። አመመኝ፤ አልዋሽም። ተጠጋሁና ተደገፍኩበት። ከባድ ነው፤ ከውሃ እንደወጣ እርጥብ አንሶላ ከበደኝ። ግን እርጥብ አንሶላን የሚሸከም ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ክብደቱን አይታገለውም፣ ጫፉን ይፈልጋል። ጫፉን አገኘሁ። ቀኜን ከፊት አስቀድሜ ዐይኑን ያዝኩበት፣ ከዚያ ያቺን እጅ፣ ግራዬን፣ ለቀቅኋት። ተንበረከከ። ዳኛው እስከ ስድስት ቆጠረ። ሲነሳ አየሁት፤ ፊቱ የናቱን ፊት ይመስል ነበር።»

እዚህ ላይ አበቁ። ደክሟቸው ነው።

እህትህ

እሑድ፣ ጥቅምት 23 ቀን

አይጢት፣ ግድግዳው ገጣሚ ሆነዋል ወይ? «እርጥብ አንሶላ»! ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዱ «አባትህ ቦክሰኛ ነበሩ ወይስ ልብስ አጣቢ?» አለኝ። ግን አልክድም፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እናታችን ፊት ያሉትን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ስሟን ጠርተው አያውቁም ነበር።

አራተኛው ዙር። ከስድስት ላይ ተነሳሁ። አንተ ግድግዳ፣ ታዝዬ የምወጣ መሰለህ? በአጭር በአጭሩ አገጭህን ገባሁበት። ሕዝቡ ቆመ። ግን ሕጉ መዋሸት የለም ስለሚል ይህንንም ልጻፈው። በዙሩ መሃል ከሪንጉ በላይ ያለው መብራት ሁለት ሆነብኝ። አንተም ሁለት ሆንክብኝ። የግራውን መታሁ፣ አየር ነበር። የቀኙ መታኝ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ አንድ ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁለት።

ለጨዋታው ያህል አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ እንዲህ ቢሆንብህ ምን ታደርግ ነበር? ወደ ማዕዘንህ ሄደህ «በቃኝ» ትል ነበር ወይስ ትቀጥላለህ? አስበህ መልስልኝ። አይጢት፣ ያሉትን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ሌላ፣ ጋሽ ፍሬንን ስልኩን ለምኚውና የአባባን ድምፅ ቅጂልኝ። «አንተ ልጅ» ቢሉኝ እንኳ ይበቃኛል። እሱ እዚህ ሲመጣ ያሰማኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እትዬ ሰላም ብላሃለች፤ «እግርህን አድርቅ» በይው ብላኛለች። ድምፃቸውን መቅዳት አልተቻለም። ጉሮሯቸውን ይዟቸዋል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ይሻላቸዋል። ስለ መድኃኒታቸው በጋሽ ፍሬን በኩል ለጠየቅከው ደግሞ፣ እየወሰዱ ነው፤ እኔው ነኝ የምሰጣቸው።

ያቀረብከውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። በሹክሹክታ እንዲህ ብለው መልሰዋል።

«መብራቱ ሁለት ከሆነብህ መካከሉን ምታ። ሰው በመብራት ምክንያት ወደ ቤቱ አይገባም። ማዕዘንህ ላይ ያለው በርጩማ መቀመጫ እንጂ መደበቂያ አይደለም። ግድግዳ በቃኝ ብሎ አያውቅም፤ የግድግዳ ልጅም አይልም።

አምስተኛው ዙር። ልጁ ሁለት እያየ ነው፣ ገብቶኛል። አላዘንኩለትም። ግራዬን ከታች አምጥቼ ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። አልወደቀም። ደረቱ የኔ ደረት ነው። በዚህ ዙር ማንም አላሸነፈም። ሁለታችንም ቆመን ነው ደወሉ የተደወለው።»

ይህ ዙር ካሉት ሁሉ ይበልጥብኛል። አንተም ትወደዋለህ ብዬ አስባለሁ። ስድስተኛውን እናያለን።

እህትህ

እሑድ፣ ኅዳር 7 ቀን

አይጢት፣

አባባ ግራኝ አይደሉም።

በሦስተኛው ዙር በግራ ጣሉኝ፣ አለፍኩት። በአምስተኛው እንደገና በግራ። ትናንት ጓንቴን ሳስር ነው የገባኝ። እኔ ያቺን እጅ በአሥራ ስድስት ዓመቴ አገጬ ላይ ቀምሻታለሁ። ቀኝ ናት። ቦክሰኛ የገዛ ስሙን ሊረሳ ይችላል፤ የሚጥልበትን እጅ ግን አይረሳም። አባባ ደግሞ መቼ ነው አንሶላ የተሸከሙት?

ከየትኛው ዙር ጀምሮ ነው አንቺ የሆንሽው? ይህን ብቻ መልሺልኝ። ሌላውን ከግጥሚያው በፊት አትንገሪኝ።

ስለ መብራቱ እንዳትጨነቂ። ባለፈው እሑድ ያልጻፍኩት ተኝቼ ስለነበር ነው። በልምምድ ላይ እንደተመከርኩት መካከሉን መታሁ፤ እውነተኛው የቀኙ ነበር። ቅዳሜ ሐኪሙ የሚመረምረው አንድ ዐይን እየሸፈነ ነው። በአንድ ዐይን ደግሞ አንድ ብቻ ነው የማየው፤ ስለዚህ አልፋለሁ። አሰልጣኙ አያውቅም። አንቺም አታውቂም። ዝም ማለት እንደሆነ ካንቺ በላይ ማን ያውቅበታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ከሦስተኛው።

ከዚህ በላይ አትንገሪኝ ብለሃል፣ ግን እነግርሃለሁ። አባባ አሉ። ይህን አስቀድሜ ልበል። አሉ፣ ግን አይናገሩም።

ሁለተኛው ዙርህ የደረሰን ሰኞ ነበር። እውነት ሳቁ፣ እሱን አልዋሸሁም። «ነገ ጠዋት እመልስለታለሁ፣ ዛሬ ይጠብቅ» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋቸው ሊነሱ ሲሉ ወደቁ። ሆስፒታል አራት ቀን ተኛን። ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየንና ይህ የቆየ ነው፣ ከቡጢው ነው፣ ዕድሜ ሲጨመርበት እንዲህ ይሆናል አለ። ቦይለሩ አልተበላሸም ነበር።

እትዬ፣ «ከግጥሚያው በፊት ብትነግሪው ልቡ እዚህ ይሆናል፣ ፊቱ እዚያ። ሰው የሚገደለው ያኔ ነው» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ዝም ማለት ለኔ ሥራ አይደለም። ግን ዝምታው ብቻውን አልበቃ አለ፤ አንተ ሦስተኛውን ዙር እየጠበቅክ ነበር። ሐሙስን አሳለፍኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ የማጣጠፊያው ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ሦስተኛው ዙር» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር ብቻ ልጽፍ ነበር።

ሕጉ መዋሸት የለም ነውና ይህንንም ልናገር። ወደድኩት። እኔ ሱቅ ሄጄ «ሳሙና አለ?» ለማለት ሌላ ሰው እስኪጠይቅ የምጠብቅ ሰው ነኝ። እዚያ በርጩማ ላይ ግን ከባድ ሚዛን ነበርኩ። የምለውን ሰው ይሰማ ነበር። አንተ ሦስት ጊዜ አነበብኩት ስትል ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ስለ እናታችን ፊት ያልኩትም የኔ ነው። እሳቸው አላሉትም። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ይህን ይቅር ማለት ግን እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ስለ እጃቸው። እሳቸው ሁልጊዜ «ያቺ እጅ» ነው የሚሉት፣ የትኛዋ እንደሆነች ብለው አያውቁም። አንተን ሲያለማምዱህ እኔን ወደዚያ ክፍል አያስገቡኝም ነበር። በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ ነበር የማያቸው፤ በዚያ ስንጥቅ የሚታየው ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ መስታወት ብቻ ነው። ልጅነቴን ሙሉ ያየሁት አባባን ሳይሆን መስታወቱ ውስጥ ያሉትን ሰውዬ ነው። እሳቸው ግራኝ ነበሩ።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። ደብዳቤህ ሰኞ ሲደርሰኝ ለእትዬ አነበብኩላት። ፎጣ እየተኮሰች ነበር። «መብራቱን ማነው እንዲህ ብሎ የመለሰለት?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት። ካውያውን ፎጣው ላይ እንዳስቀመጠች ረሳችው፤ ጭሱ እስኪወጣ ሁለታችንም አላየነውም። ከዚያ ተቀመጠችና ነገረችኝ። አባባም ሁለት መብራት አይተዋል። የነገሩት ለሷ ብቻ ነበር። «እኔስ ምን አልኩት መሰለሽ» አለችኝ፤ «‘አንድ ከፍለህ ሁለት ካበሩልህ ምን ከፋህ!’ ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተጋጠመ። ከሦስተኛው በኋላ ነው ስምሽን መርሳት የጀመረው።» እኔ ያኔ ገና መራመድ አልጀመርኩም ነበር አሉ። እኔ የማውቃቸው አባባ ሁሌም የተመቱት ናቸው።

እሷ በቀልድ መለሰች፣ እኔ በግጥም መለስኩ። አንተ ጨዋታ ነው አልክ፣ እኔም ጨዋታ መስሎኝ አሳምሬ ጻፍኩልህ። ዐይንህን አደራ ያልከው ለኔ ነበር፤ አላወቅሁም። እሳቸው ቢናገሩ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት እንደኔው «ቀጥል» ይሉ ነበር። ግን እሳቸው ቢሉ በገዛ ጭንቅላታቸው ከፍለውበት ነው። እኔ ምን ከፍዬበት?

ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን ሳጥባቸው የእትዬ የሰዓት ደወል ጮኸ። አባባ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ግራ እጃቸው ቀስ ብላ ወደፊት ወጣች፤ ቀኟ ደግሞ ተነስታ አገጫቸው ሥር ቆመች። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር፣ ያለ መስታወት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያቺን እጅ አየኋት። እውነትህን ነው፣ ቀኝ ናት። ያዝኳት፣ ወደ ታች መለስኳት። እስክመልሳት ድረስ በጣም ታገለችኝ።

ስድስተኛውን ማን እንደሚጽፈው ደርሰን እናያለን ብለው ነበር። ደርሰናል። ይኸው በኔ ስም፦

ስድስተኛው ዙር። ደወሉ ተደወለ። ግድግዳው ከበርጩማው አልተነሳም፤ ደወሉን ሰምቷል፣ ምን እንደሚደረግ ግን ረስቶታል። ልጁ ተነሳ። ማንን እንደሚመታ አያውቅም፣ ከፊቱ ሁለት በርጩማ ነው ያለው። እዚህ ላይ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በወረቀት አልጨርሰውም። ይህን ደብዳቤ ጋሽ ፍሬን አያመጣልህም፤ እኔው ነኝ የማመጣው። ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሱ ጎን እቀመጣለሁ፣ ሊመሽ ትንሽ ሲቀር እንደርሳለን ብሏል። አባባን እትዬ ትጠብቃቸዋለች። አንድ ነጭ ፎጣ አጣጥፋ፣ «እሑድ ማዕዘኑ ጋ ቁሚና ጊዜው ሲደርስ ወርውሪው» ብላ ሰጥታኝ ነበር። ስትወጣ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ፎጣ የሚወረወረው ሰው ከተመታ በኋላ ነው።

እንደምትጠላኝ አውቃለሁ። ለዚህ ቀን ስንት ዓመት እንደሮጥክም አውቃለሁ፤ ላብህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም አምስት ቃል ይዤ እመጣለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን ትልቁ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጃቸዋለሁ፦ «ወንድሜ አንዱን መብራት ሁለት ያያል።» አባባ ከጀርባዬ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ነገ ለአሰልጣኝህ እነግረዋለሁ። እሱ አልሰማ ካለኝ እስከ ቅዳሜ ሐኪሙ በር ላይ ቁጭ ብዬ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ ጮክ ብዬ፣ በአፍንጫዬ ሳይሆን።